ዳጉ ሳልሰጥ ያለፍኩበት መንገድ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳሰጣ ጓደኛዬ የግቢያችንን የቆርቆሮ በር ሳታንኳኳ ገፍታ ገባች። ከክለባችን ሯጮች ሁሉ ፈጣኗ እሷ ናት፤ ውድድር ጨርሳም እንኳ እንደዚያ ስታለከልክ አይቻት አላውቅም። ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለችና ትንፋሿ እስኪመለስ ሳትጠብቅ፣

«ተፈቀደ!» አለችኝ። «ሽማግሌዎቹ መንገዱን ከፈቱት። ዘንድሮም እንሮጣለን። አንቺም ትሮጫለሽ፤ አንቺን ለይተው ነው ያሉት።»

የአባባ ሸሚዝ ከእጄ አምልጦ አፈር ላይ ወደቀ። እኔም ጮህኩ። ያንን ጩኸት እንዴት ብዬ ልጻፈው፤ እልልታ ሊሆን ጀምሮ መሃል ላይ «እናቴ!» የሆነ ነገር ነበር። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣

«ምንድነው እሱ? ማትሪክ አለፍሽ እንዴ?»

«ከማትሪክ ይበልጣል!»

«ከማትሪክ የሚበልጠው ባል ነው» አለችና አንገቷን መለሰች።

እማዬ ከወጥ ቤት ወጥታ የወደቀውን ሸሚዝ አየች። ምሥራቹን ከሰማች በኋላም ሸሚዙን ድጋሚ ከማጠብ አልማረችኝም። እየዘፈንኩ አጠብኩት። ጓደኛዬ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። ለወራት ግቢያችን ገብታ አታውቅም።

አንድ መንገድ ተፈቀደ ተብሎ እንዲህ መሆን ምን ይባላል ትሉ ይሆናል። ደስታዬ የሚገባው ኀፍረቴን ላወቀ ሰው ነው። ኀፍረቴን ደግሞ ከአዋሽ እስከ ሎጊያ ያልሰማ የለም፤ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። የጻፍኩት ነገር የትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ እጄ ወረቀት አልፈራ ብሏል። ስለዚህ ሌላ ሰው ጨምሮ ቀንሶ ከሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ።

ክለባችን ያለው አዋሽ ነው። የምንለማመደው በማለዳ፣ ባቡር በተወው በአሮጌው ሐዲድ ዳር ነው። አባባ በአዲሱ ባቡር ጣቢያ ይሠራል። እሱም እማዬም ከደጋ የመጡ ናቸው፤ እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ፣ አፋርኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ጓደኛዬ አፋር ናት። አማርኛዋ ከእኔ አማርኛ ይጣፍጣል፤ ስትሳደብማ ተዉት። እሷ የእኔን እንዲህ ስትችል እኔ የእሷን ለምን እንደማልችል ያኔ አስቤው አላውቅም።

ውድድሩ ዱላ ቅብብል ነው፤ የስታዲየሙ ዓይነት ግን አይደለም። ከአዋሽ ተነስቶ ሰመራ እስኪደርስ ቀናት ይፈጃል። አስፋልቱን ትቶ ግመልና ፍየል በሚሄድበት ቀጭን መንገድ ነው የሚሮጠው። ማለዳ ይሮጣል፤ ቀትር ላይ ሁሉም ጥላ ፈልጎ ይጋደማል፤ ፀሐይ ስትለዝብ ይቀጥላል። አንዱ ሲሮጥ ሌሎቻችን በሚኒባስ በአስፋልቱ ዞረን ቀጣዩ መቀባበያ ላይ እንጠብቃለን። ዱላችንን አሰልጣኛችን ከነጭ የውሃ ቱቦ በመጋዝ ቆርጦ፣ ጫፉን በአሸዋ ወረቀት አለስልሶ ነበር የሠራልን።

ጓደኛዬ ገና ከአዋሽ አርባ ሳንርቅ ሚኒባሱ ውስጥ ቆማ አንድ ነገር ነገረችን። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ይቆማል፤ እጅ ለእጅ ይያያዛል፤ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሰማ ይነጋገራል። ዝናብ የት ጣለ፣ ሳር የት በቀለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ። ይህ ዳጉ ይባላል። የሰማ ሰው ቀጥሎ ላገኘው ያቀብላል፤ ወሬው ከእግረኛም ከመኪናም ይቀድማል። ይህን እንኳ አዋሽ የተወለደ ሁሉ ያውቀዋል። እሷ የጨመረችው ሌላ ነው።

«የከተማው ጽሕፈት ቤት እንደምንሮጥ ያውቃል» አለች። «ፍየል የሚጠብቀው ሰው ግን አያውቅም። እዚያ አገር የሚሮጥ ሰው ወይ ያባርራል ወይ ተባሯል። ስለዚህ መጀመሪያ ያገኛችሁት ሽማግሌ ጋ ቁሙ። ሰላም ነን፣ ለጨዋታ ነው የምንሮጠው፣ ከኋላዬ ሌሎችም ይመጣሉ በሉት። በቃ። እሱ ለቀጣዩ ይነግራል፣ መንገዱ ይጸዳላችኋል።»

አረፍተ ነገሮቹን በአፋርኛ አስጠናችን። እኔ ቶሎ ያዝኳቸው፤ ጎበዝ ነሽ ተባልኩ። ጎበዝ ስባል ደግሞ አፌ አያርፍም።

«ሌላ ዳጉ ቢጠይቀኝስ ምን እለዋለሁ? ድመታችን ወለደች ልበለው?»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ። እሷ ብቻ አልሳቀችም።

«ድመትሽም ብትሆን ንገሪው» አለችና ተቀመጠች።

የእኔ ተራ የመጨረሻው ቀን ማለዳ ነበር፤ ከሚሌ ወዲያ፣ ከአንድ ደረቅ ወንዝ ተነስቼ ሎጊያ መግቢያ ላይ ዱላውን ለእሷ አቀብላለሁ። እሷ ሰመራ ታስገባዋለች። አሰልጣኛችን የደረቴን ቁጥር በመርፌ ቁልፍ ሲያያይዝልኝ ቀስ ብሎ፣

«ስሚ፣ ሰዓቱ እንደሆነ አይቆምም። ሰው ሰላም ካለሽ እጅሽን እያነሳሽ እለፊ። ገባሽ?» አለኝ።

ገብቶኛል። ሁለት ምክር ነበረኝ፤ የምወደውን መረጥኩ።

ሮጥኩ። ከኋላዬ የሌላ ክለብ ልጅ፣ ቢጫ ማሊያ ለብሳ፣ ዞር ባልኩ ቁጥር ትታየኛለች። መሬቱ ጥቁር ድንጋይና ትቢያ ነው፤ ዓይኔን ከጫማዬ ጫፍ አላነሳሁም። ቀና ስል መንገዱ መሃል አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሁለት እጃቸውን ሰቅለውበታል። ሲያዩኝ በትሩን አወረዱና መሬት ተከሉት፤ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

ያጠናሁት አረፍተ ነገር ምላሴ ላይ ነበር። ረሳሁ ብል ውሸት ነው። ሁሉም ቃል ተሰልፎ ቆሞ ነበር።

እጄን አነሳሁላቸውና ከመንገዱ ወጥቼ፣ በድንጋዩ ላይ ዞሬያቸው አለፍኩ። ከኋላዬ ጠሩኝ። የቁጣ ጥሪ አልነበረም፤ ዕቃ ረስቶ የሚሄድ ሰው እንደሚጠራው ነው የጠሩኝ። ይበልጥ ፈጠንኩ።

ትንሽ እንደሄድኩ ፍየሎቿን ወደ ውሃ የምትነዳ ሴትዮ አገኘሁ። አገጯን ከፍ አድርጋ በአፋርኛ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ ትንፋሽ አጥሮኝ፣ በአማርኛ፣ ቱቦዬን ወደ ኋላዬ እየጠቆምኩ «ከኋላ! ከኋላ ይመጣሉ!» አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ሩጫዬን አድንቃ መስሎኝ ፈገግ አልኩላት።

ሎጊያ መግቢያ ላይ ጓደኛዬ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ስትጠብቀኝ ደረስኩ። ቱቦውን መዳፏ ላይ አኖርኩት፤ እሷም እንደ ተወረወረ ድንጋይ ሄደች። አሰልጣኛችን ከመሬት አነሳኝ። «አንበሳ! አንበሳዬ!» ቢጫ ለባሿ ገና ከቁጥቋጦው አልወጣችም ነበር።

ሰመራ ላይ አንደኛ ገባን። ባጃጆች ጥሩምባ ነፉልን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፎቶ አነሱን፣ ዋንጫው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔ ጋ ደረሰ። እቅፍ አድርጌው ሳለ የጓደኛዬ ስልክ ጮኸ። አክስቷ ነበሩ። እየሳቀች ነው ያነሳችው። ከዚያ ሳቋ ቆመ። አፋርኛውን ባልሰማም ፊቷን አነበብኩ። ስልኩን ከጆሮዋ አራቅ አድርጋ፣

«ከሚሌ በኩል አንዲት ልጅ እየተባረረች መጣች እያሉ ነው» አለችን። «ክፉ ነገር አይታለች፤ ዳጉ ስትጠየቅ መናገር አቃታት አሉ። የሚያባርሯት ከኋላ ናቸው ብላ በእጇ አሳየች አሉ። ወንዶቹ ሊፈልጉ ወጥተዋል። አክስቴ፣ አንቺ የት ነሽ፣ ደህና ነሽ ወይ እያለችኝ ነው።»

«ምስኪን! ማን ናት?» አልኩ። በእመቤቴ፣ እንደዚህ ነው ያልኩት።

መልሳ ስልኩ ላይ ጠየቀች። አዳመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«እጇ ላይ ነጭ ቱቦ ይዛለች አሉ።»

 ዋንጫውን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«አልቆምሽም?» አለችኝ።

አሰልጣኛችን ምሳ በልተን እንሂድ ሲል «አሁን!» አለችው፤ በዚያ ድምፅ ተናግራው አታውቅም። ምሳ ሳንበላ ወደ ሎጊያ ተመለስን። ከጋራዦቹ ጀርባ፣ ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት ትንሽ ራቅ ብሎ፣ አንድ ግራር ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። መሃል ላይ ያሉት መንገድ ላይ የዞርኳቸው ሰውዬ ናቸው። ባለ ፍየሏ ሴትዮ ገና እንዳየችኝ ተነሳች። ምን እንዳለች ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም፤ እሷ ናት ነው ያለችው።

ጓደኛዬ አጠገቤ ቆማ አንገቷን ደፍታ እያስተረጎመች ሁሉንም ሰማሁ። እኔ ካለፍኩ በኋላ ቢጫ ለባሿ ስትሮጥ አይተው አባራሪዋ እሷ ናት ያሉም ነበሩ። ከብት ከውሃው ተመለሰ። ከወለደች ጥቂት ቀን የሆናት ሴት ሕፃኗን ታቅፋ በዚያ ሙቀት ወደ ድንጋያማው ከፍታ ወጣች። ወጣቶቹ እስከ ደረቁ ወንዝ ድረስ ዱካ ሲፈልጉ ዋሉ። ያገኙት የእኔን የጫማ ምልክት ነው።

ሴትዮዋ አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አንዲት ግልገል አንስታ እጄ ላይ አኖረችና አፏን እንድነካ በምልክት አሳየችኝ። ደርቋል። ግልገሏ ጣቴን እንደ ጡት መሳብ ጀመረች። ያ ሻካራ ምላስ እስከዛሬ ጣቴ ላይ አለ።

ከዚያ ሽማግሌው ተናገሩ። የጠበቅኩት ወቀሳ ነበር። እሳቸው ግን ማለዳ ሊጠይቁኝ የነበረውን ነው የጠየቁኝ።

«ደህና መጣሽ ወይ፣ ልጄ? ከየት ተነሳሽ?»

«ከደረቁ ወንዝ፣ አባቴ።»

«ወንዙ ውስጥ ውሃ የሚቆፍሩ ሴቶች ነበሩ?»

«አላየሁም።»

«በስተቀኝሽ ያለው ኮረብታ፣ ዝናብ ነክቶታል?»

«አላየሁም።»

«ሳርስ? ግመልስ? ሰው?»

«አላየሁም፣ አባቴ።»

ጓደኛዬ «አላየሁም»ን ደጋግማ ስታስተረጉም ድምጿ እየቀነሰ ሄደ። ሽማግሌው አጠገባቸው ካለው ሰው ጋር ተነጋገሩና አንድ ነገር ጠየቁ። ይህኛውን ግን አላስተረጎመችልኝም።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ዓይኗን ያማታል ወይ አሉ።»

ለማሾፍ አልነበረም። ከልባቸው ነው። ከኋላ የቆሙ ወጣቶች ግን ሳቁ፤ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ እየተደናበረ ሲሮጥ አሳየ፤ ሽማግሌው በትራቸውን መሬት መታ አድርገው ዝም አሰኙት። እኔ እዚያ ቆሜ፣ ቁጥሬ ደረቴ ላይ፣ ግልገሏ እጄ ላይ። ያን ሁሉ መንገድ ሮጬ ሁለት ጫማ ብቻ ነው ያየሁት።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ጓደኛዬን ብቻዋን ረዘም አድርገው ጠየቋት። ባጭሩ መለሰች። ምን ተባባሉ ስላት አልመለሰችልኝም። ውሳኔያቸውን ለአሰልጣኛችን ነገረችው፤ ይህን መንገድ ከእንግዲህ ማንም አይሮጥበትም።

«እስከመቼ?» አለ አሰልጣኛችን።

«ዳጉው ገና አላለቀም፤ ሲያልቅ ይታያል ብለዋል።»

ወደ አዋሽ ስንመለስ ሁልጊዜ አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች። ማንም አልዘፈነም። ዋንጫው በየመታጠፊያው ከወንበር ሥር እየተንከባለለ ይንኳኳል፤ የሚያነሳው ሰው አልተገኘም።

አዋሽ ስገባ ወሬዬ ቀድሞኝ ገብቶ ጠበቀኝ። አባባ ከጣቢያው ጥበቃ፣ አብሮት ከሚሠራ አፋር ወዳጁ፣ እኔ ገና ሚኒባስ ላይ ሳለሁ ሰምቷል። በር ላይ ቆሞ ነበር የጠበቀኝ።

«ልጄ፣ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶልሽ አለፍሽው?»

«ውድድር ነበር፣ አባባ።»

«አንቺ ሳትወለጂ እዚህ አገር ስመጣ የማላውቀው ሰው ነው ቆሞ ሰላም ያለኝ። ቤት እስካገኝ ቤቱ ያሳደረኝም ሰላም ብሎኝ ነው።»  ያን ማታ እራቱን አልበላም።

የገበያው ሴቶች እንደ አባባ አይደሉም። ቲማቲም ልገዛ ስሄድ አንዷ ሻጭ ከሩቅ አይታኝ፣ «አንቺ ሯጯ! ዛሬስ ማን እያባረረሽ ነው?» ትላለች፤ ሌላዋ ትቀበልና፣ «ተዪያት፣ ዓይኗን ያማታል፣ የበሰበሰውን ስጪያት!» ትላለች። የዓይኑ ነገር ሳይቀር ደርሷል። የባጃጅ ልጆች ሳይቀሩ ባለፍኩ ቁጥር በጥሩምባ ጠርተው «ከኋላ! ከኋላ ይመጣሉ!» ይሉኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት ሌላውን ነው። ጓደኛዬ ልምምድ ቀረች። አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ፤ እናቷ እንደ ወትሮው አልተቀበሉኝም፣ ወንበሩን ግን ጠቆሙኝ። እሷ ጫማዋን እያጠበች ነበር።

«ለምን አትመጪም?» አልኳት።

«ምን ልሠራ? ሎጊያ ላይ የጠየቁኝን ታውቂያለሽ?» ቀና አላለችም። «ይህቺን ልጅ ማን ነው ይዟት የመጣ አሉ። እኔ አልኩ። ዳጉ እንዲሰጥ አልነገርሻትም ወይ አሉኝ።»

«እና?»

«አልነገርኳትም አልኩ። ረሳሁ አልኩ።»

ወንበሩ ከሥሬ የሄደ መሰለኝ። «ለምን? ነግረሽኝ ነበር እኮ!»

«ነግሬያት ሳቀች ልበላቸው? በእነሱ ፊት? እንግዳዬ አይደለሽም?» ጫማውን አራገፈችው፤ ውሃው ፊቴ ላይ ተረጨ። «አሁን አጎቶቼ የሚሉት፣ ከተማ ገብታ የአገሯን ወግ ረሳች ነው። ወላሂ፣ እኔ ነኝ የረሳሁት! እኔ!»

እናቷ ከጓዳ ሆነው ዝም በይ አሏት። ተነስቼ ወጣሁ። አውቄ ያለፍኩት እኔ፤ ረሳች የተባለችው እሷ። ያጠፋሁትን በማላውቀው ቋንቋ፣ እዚያው አጠገቤ ቆማ፣ ለብሳልኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያን ሰዓት የማስበው ስለ ራሴ ፊት ነበር።

የአባባን ወዳጅ፣ የጣቢያውን ጥበቃ፣ አፋርኛ አስተምሩኝ አልኳቸው። ከትምህርት ቤት መልስ ከበራቸው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። «አፍሽ የጋለ ድንች የያዘ ይመስላል፤ ዋጪውና ድገሚ!» ይሉኛል። እያሳቁም እያስለቀሱም አስተማሩኝ። ትምህርት ቤት ለእረፍት ሲዘጋ አባባን ሎጊያ ውሰደኝ አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ ፈረቃውን ለወጠ።

ሚሌን አልፈን ከአስፋልቱ ወረድንና ያንን መንገድ ከደረቁ ወንዝ ጀምረን በእግራችን ሄድነው። አባባ ከኋላዬ ጫማው ውስጥ በገባው ጠጠር ሲማረር፣ እኔ አየሁ። ወንዙ ውስጥ ሴቶች አሸዋ ቆፍረው በጣሳ ውሃ ይቀዳሉ። የመኪና ጎማ ለሁለት ተሰንጥቆ የፍየል መጠጫ ሆኗል። ኮረብታው በአንድ ጎኑ ብቻ አረንጓዴ ነው፤ ዝናቡ በወዲያኛው በኩል አልፎ በወዲህ ዘሎታል። ድንጋይ የተከመረበት መቃብር አለ። ይህ ሁሉ ያን ማለዳም እዚያው ነበር።

ሽማግሌው ያው ግራር ሥር ነበሩ። እጄን ሳሙኝ፤ የአባባንም። ተቀመጥኩና በተሰበረ አፋርኛዬ፣ ያቃተኝን ቃል፣ ከወዳጁ አፋርኛ የለመደው አባባ እየቀጠለልኝ፣ ካየሁት ጀመርኩ። ከዚያ ወደ ዋናው ገባሁ። ጓደኛዬ ነግራኛለች አልኩ። አስጠንታኛለች። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር፤ አውቄ አለፍኩዎ። ረሳሁ ያለችው ለእኔ ብላ ነው። እንዲያውም ሚኒባስ ውስጥ ስታስጠናን፣ ድመታችን ወለደች ልበላቸው ወይ ብዬ አሾፍኩ።

ይህችን የመጨረሻዋን ባልናገራት ይቻል ነበር። ግን ዳጉ ጎዶሎ አይሰጥም ብለውኛል የጣቢያው ሰውዬ።

ሽማግሌው በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።  ከዚያ በጣም ረጋ ብለው፣

«ድመቷ በሰላም ተገላገለች?» አሉ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«ስንት ወለደች?»

«አራት። አንዱ ሞተ።»

«አላህ የቀሩትን ያሳድግ» አሉ። የተቀመጡት ሰዎችም አብረው «አሚን» አሉ። ማንም አልሳቀም። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ድመታችንን እንኳ ንቄ የተናገርኳት እኔ ነበርኩ፤ እሳቸው ግን እንደ ሰው ወሬ ተቀበሏት።

መንገዱን በዚያ ቀን አልፈቀዱም። «እንመክራለን» ብቻ ነው ያሉን። ወደ አዋሽ ስመለስ ጓደኛዬን በአሮጌው ሐዲድ ዳር ቆማ አገኘኋት። «ሰምቻለሁ» አለችኝ። ልምምድ ጀመረች፤ ከእኔ ጋር ግን ከ«ደህና ነሽ» አላለፈችም፤ እኔም አላስገደድኳት። ወራት አለፉ። ትናንት ልብስ ሳሰጣ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ።

ሸሚዙን እያጠብኩ የሽማግሌዎቹን ቃል አንድ በአንድ ነገረችኝ። ሩጡ ብለዋል። ግን ሯጭ ሰው ሲያገኝ ቆሞ ዳጉ የሚሰጥበት ጊዜ ከሩጫው ጊዜ አይቆጠር። አሰልጣኛችን ይህን ሲሰማ «ይሄ ሩጫ ነው ወይስ የለቅሶ ቤት?» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ አሉ። ዛሬ ማለዳ ግን ሰዓቱን ይዞ ለማቆምና ለማስነሳት ሲለማመድ አየሁት። ባለ ፍየሏ ሴትዮ ደግሞ፣ ያቺ ልጅ ስትመጣ ውሃው ጋ እጠብቃታለሁ ብላለች። ደስ ብሎኛል፤ ፈርቻለሁም። እሷን ቀና ብዬ የማይበት ፊት ገና አልተሠራልኝም፤ እስከዚያ ይሠራ ይሆናል።

ሌላም መልእክት አለ። ይሄኛው የእናንተ ነው፤ ሽማግሌው ለሚሰማሽ ሁሉ አድርሺ ብለውኛል። የከተማ ሰው ይምጣ፣ የደጋም ሰው ይምጣ፣ የሚሮጥ ይሩጥ፣ የማይሮጥ ግራሩ ሥር ይቀመጥ ብለዋል። ሙቀቱ በረድ ሲል ነው፤ ጥር ላይ። አዋሽ ደርሳችሁ የሯጮቹ ክለብ የት ነው ብትሉ የትኛውም ባጃጅ ያደርሳችኋል፤ የእኔን ታሪክ በነጻ ይጨምርላችኋል። ከአዋሽ መነሳት ካልቻላችሁ ሎጊያ ጠብቁን። ባርኔጣ፣ ውሃ፣ እሾህ የማይበሳው ጫማ ያዙ። በመንገዳችሁም ቀና እያላችሁ ኑ፤ እናንተ አገር ዝናብ ጥሎ እንደሆነ፣ እህሉ እንዴት እንደሆነ፣ ሰዉ ደህና እንደሆነ ይጠይቋችኋል፤ እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ። ኑ።